ለየኔታ ክፍል የሚሆን ሽታ

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

የሎሚ ልጣጩ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋብኝ። እንደገና አቀጣጥዬ ጣድኩት። እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ የክረምት ዕረፍቴ በዚህ እያለቀልኝ ነው፤ ልጣጭ በመቀቀል። ት/ቤት ተዘግቷል። የሚታረም ፈተና የለም። ወጥ ቤቴ ግን ቤተ ሙከራ መስሏል።

ነገሩ የየኔታ ክፍል ነው። የኔታ የባሌ የገበየሁ አባት ናቸው። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። በሚያዝያ ታመው ሆስፒታል ከቆዩ በኋላ እዚህ መካነ ኢየሱስ፣ እኛ ዘንድ አመጣናቸው። ሕመሙ ለቋቸዋል። ሽንታቸው ግን እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም፤ አንዳንዴ ያመልጣቸዋል። በጋ ቢሆን ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር። በሐምሌ ምን ፀሐይ አለ? ያጠብኩት አንሶላ እንኳ ገመድ ላይ እንዳለ ይሻግታል።

ገበየሁ ባለፈው ከሱቅ የቤት ሽቶ ገዝቶ መጣ። ጣሳው ላይ ሐምራዊ አበባ አለ። አንዴ ነፋ ሲያደርገው የኔታ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳሉ። ደረታቸው አይችለውም። ጣሳውን ወሰድኩና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ በቤት የሚሠራ መዓዛ እፈልጋለሁ።

የዛሬው፦ የሎሚ ልጣጭ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ውሃ። ቀስ ብሎ ይንተክተክ ይላል። ድስቱን እንፋሎቱ ሳይበርድ ይዤ ገብቼ መስኮታቸው ሥር አኖርኩት። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው ወደ ውስጥ ሳቡ። እጅሽ ይባረክ፣ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ አሉኝ።

ደስ አለኝ። ካገባሁ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ከሰላምታና ከምርቃት አልፈን አናውቅም ነበር። ዛሬ ስለ ቅርንፉድ አወራን።


ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ዲያቆን ይባቤ ደወለ። የየኔታ የመጨረሻ ተማሪ ነው፤ ላይ ጋይንት ነው ያለው። ድጓውን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ነው የታመሙበት። የቀረውን ሰምተው፣ አርመው፣ በቅተሃል ካላሉት የመምህርነት ወንበር አያገኝም። እዚያው አካባቢ አንድ ደብር አስተማሪ አጥቶ እሱን እየጠበቀ ነው። ልምጣ? ይላል። በትሕትና፣ እየደጋገመ።

ለየኔታ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ሲሻለኝ አሉት። ስልኩን መለሱልኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ተሽሏቸዋል እኮ! ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግተው ለብቻቸው ሲያዜሙ እሰማለሁ። ድምፃቸው ምንም አልሆነም።

ማታ እራት ላይ ገበየሁን ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ሆስፒታል ሳሉ አንድ የዱሮ ወዳጃቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ገና እንደተቀመጠ ነጠላውን ወደ አፍንጫው አነሣ። የኔታ አዩት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው እንዲገባባቸው አይፈልጉም። ተማሪዬ እንዲያ ሲያደርግ ከማይ ሳላየው ብሞት ይሻለኛል ብለዋል።

ገበየሁ ዘወትር፣ ኧረ ምንም አይሸትም አባባ ይላቸዋል። እኔም እላለሁ። ሁለታችንም ደግመን ደጋግመን ነው የምንለው። የሚያምኑን አይመስለኝም።

እንግዲያው ማስታወሻዬ፣ ሥራዬ ታወቀ። ያንን ክፍል እንዲህ ያለ መዓዛ እሞላዋለሁ፤ ይባቤ ሲገባ መጀመሪያ የሚለው ነገር እሰይ እንዲሆን።


ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ውድቀት።

ቪዲዮው ቤኪንግ ሶዳ ይላል። ባለሱቁ ቤኪንግ ፓውደር ሰጠኝና አንድ ነው አለ። አንድ አይደለም መሰለኝ። አቼቶ ጨምሩበት ይላል፤ ጨመርኩ። አረፋው ከጎድጓዳ ሳህኑ ወጥቶ ጠረጴዛውን አልፎ የገበየሁ የቢሮ ሱሪ ላይ ወረደ። ልብስ የማይደርቅበት ወር ላይ! ግብርና ቢሮ ስብሰባ ነበረበት። ቆሞ አየኝ። እኔም አየሁት። መሳቅ የጀመረው እሱ ነው።

ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ቀኑን ሙሉ ራበኝ።

የኔታን ይቅርታ ልጠይቅ ገባሁ። ይህኛውስ ቀለል ይላል፣ ደግ ነው አሉኝ። ጨዋነታቸው ወሰን የለውም። በአቼቶ የታጠነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ደግ ነው የሚል ሰው እንዴት አይወደድ?


ሐምሌ 18፣ ዓርብ፣ ቀትር ላይ

ገና እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ስንዱ አረቄ ታወጣለች። ምን እንደምሞክር ስነግራት፣ ጦስኝ በአረቄ ዘፍዝፊና እርጪ አለችኝ። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ቪዲዮዎቹም አልኮል ይላሉ። ከጉና የወረደ ደረቅ ጦስኝ ከገበያ ነበረኝ። ዘፈዘፍኩት። ከሰነበተ በኋላ አጥልዬ ፀጉር ቤት ውሃ በሚረጩበት ዓይነት ጠርሙስ ሞላሁት። ዛሬ ጠዋት አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ ግድግዳውን ረጨሁ። የኔታ አላሳሉም። ተመስገን አልኩ።

ገና ጠርሙሱ በእጄ እንዳለ የንስሐ አባታችን ከች አሉ። የኔታ ከእሳቸው በቀር ሰው አያስገቡም። ደፉን አልፈው ገቡና ቆሙ። ወደ የኔታ አዩ። ወደ እኔ አዩ። ዛሬ ዓርብ መሆኑን በሐሳባቸው ሲቆጥሩ ፊታቸው ላይ ታየኝ። የኔታ ምን እንደሆነ ግር ብሏቸው ሁለታችንን ያያሉ። እኔ ጠርሙሱን አነሣሁና እየተንተባተብኩ አረቄ መሆኑን፣ ለክፍሉ መሆኑን አስረዳሁ።

ያኔ የኔታ ነገሩ ገባቸው። "አባቴ፣ እኔ አልቀመስኩም። አልጋው ነው የጠጣው" አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የኔታ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሲስቁ ገበየሁን ይመስላሉ፤ ያው የግራ ዓይናቸው ቀድሞ ይጨፈናል።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ቄሱ ሲወጡ ልሸኛቸው ተከተልኳቸው። በረንዳው ላይ ቆም ብለው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው። እኔ ማየቴን አላወቁም። ለማንም አልተናገርኩም።


ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ባለፈው ሳምንት መጨረሻ በሶብላና ጤና አዳም በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አድርጌ መስኮታቸው ላይ አስቀምጬ ነበር። ከዚያ የእህቴ ልጅ ክርስትና መጣ። ድግስ ሳግዝ ሰነበትኩ፤ የኔታን ገበየሁ ነበር የሚያያቸው። ጠርሙሱን ረሳሁት። ዛሬ ስገባ ከበሩ ሽታው ተቀበለኝ። ውሃው ጠቁሯል፣ ቅጠሉ ሟሙቷል፣ ላዩ ላይ የሆነ ነገር በቅሏል። የሞተ አይጥ ነው የሚለው። እጄን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነው የገባሁት።

የኔታ ከጠርሙሱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ወደ በሩ ነው። ኮቴዬን ሰሙና ሳይዞሩ ወደ ጠርሙሱ ጠቆሙ።

"ልጄ፣ ይሄኛው ከሁሉም በለጠ። ልብ ያርሳል።"

መጀመሪያ የቀለዱ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም።

"የኔታ፣ ምን ምን ይላል?" አልኳቸው።

ጠርሙሱን ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ፣ "አበባ አበባ ይላል" አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ያላጠና ተማሪ እንደሚመልሰው።

"በስብሷል እኮ የኔታ። አፍንጫዬን ይዤ ነው የገባሁ።"

ጠርሙሱን አወጣሁና ጓሮ ደፍቼ ተመለስኩ። እስክመለስ አልተንቀሳቀሱም። ወንበር ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እንዲያ ተቀምጬ አላውቅም። ነገሩኝ። በዚያ በኮሮና ጊዜ ትኩሳት ይዟቸው ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ማሽተት ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰላቸውም። ለማንም አልተናገሩም። ቤተ መቅደስ ቆመው የዕጣኑን ጭስ ያያሉ፤ መዓዛው የለም። ይህን ለሰው መናገር አፈርኩ አሉ።

ታዲያ ስለምን ሁሉንም ያመሰግኑልኝ ነበር? ጠየቅኳቸው።

"ትደክሚያለሽ። ምን ልበልሽ?"

ይህን ሲሉ ልስቅም ላለቅስም ነበር። ሎሚው፣ አቼቶው፣ አረቄው፤ አንዱም አልደረሳቸውም። የደረሳቸው ገብቼ መውጣቴ ብቻ ነው።

ቀጥለው ያሉት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። "የራሴን ነገር አላውቀውም። ሰው መጠየቅ አለብኝ። ሰው ሁሉ ደግሞ አይሸትም ይለኛል። ቄሱም፣ ልጄም፣ አንቺም። አይሸትም ስትሉኝ ሁላችሁም ፊታችሁ አንድ ነው።"


ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ጠየቁኝ። አሁንስ ይሸታል?

አይ የኔታ አልኩ።

ይሸት ነበር።

እሺ አሉ። ሳህኑን ተቀበሉኝ። ከበሉ በኋላ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ዛሬ አላዜሙም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ፤ እኔም ራሴን ስረግም ዋልኩ። ያን ሁሉ ነገር አምነው ነግረውኝ እኔ ያንኑ ፊት አሳየኋቸው።

ሰው እንዴት አድርጎ ለአማቱ ይሸታሉ ይላል? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ ነበር?


ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ነገርኳቸው።

ጠዋት ነው። በሩ ላይ ደርሼ ሁለቴ ተመለስኩ። እንደ ሌላው ቀን አልጠየቁኝም፤ መጠየቁን ትተውታል። እኔው ጀመርኩ። "የኔታ፣ ዛሬ ይሸታል" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኾ ወጣ።

ቀና አሉ። "ከየት?"

"ከፍራሹ።"

"እስከ የት ድረስ?"

"በሩ ሲከፈት ሳሎን ድረስ።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ተቆጡ ብዬ ነበር። የተጎዱም መስሎኝ ነበር። ረጅም አየር ሳቡና ተመስገን አሉ። እንግዲህ የሚያዝ ነገር ተገኘ አሉ። ከፍራሹ ከሆነ ከእኔ አይደለም፤ ፍራሽ ደግሞ ይወጣል። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሲለቃቸው ታየኝ። ከዚያ ልክ ተማሪ ፊት እንዳሉ ያዙኝ፦ ፍራሹ ከምንድን ነው? ውሃ ያስገባል? ምን ይሻላል?

ስፖንጅ ነው። የጠጣውን አይመልስም። በላዩ ላይ ስንት ሎሚ ብቀቅል ስንት ጦስኝ ብረጭ ከንቱ ነበር። ራሴም ሳላውቀው አልቀረሁም፤ ማውጣት ማለት መናገር ስለሆነ ነው የፈራሁት።

ከሰዓት ገበየሁ ከቢሮ ሲመጣ ፍራሹን አውጥተን ጣልነው። ከጓዳ አሮጌውን የጠፍር አልጋ አወጣን። እኔ ሁለት ጆንያ ገጥሜ ሰፋሁ፤ ወ/ሮ ስንዱ ከቆጥ ላይ ደረቅ የገብስ ጭድ ሰጠችኝ። በጭዱ መካከል ጦስኝና አሪቲ በተንኩበት። ከላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ቡሉኮ። ጭዱ ሲበላሽ ይደፋል፣ ሌላ ይሞላል። ከአልጋው ሥር ከሰል በሰፌድ አደረግሁ፤ ከሰል ሽታ ይጠጣል ይላል ስልኬ፤ ይህኛው እንኳ ትክክል ነው። ፖፖውን እጃቸው የሚደርስበት አስጠጋሁት።

የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሳሎን ቆመው ሲያዩን ነበር። ከመጡ ጀምሮ ሳሎን ወጥተው አያውቁም።


ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባች።

አዲስ ልማድ አለን። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት፣ ዛሬስ? ይሉኛል። እኔም ያለውን እናገራለሁ። የለም። ወይም ትንሽ። ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ እርጥብ ብርድ ልብስ ይላል። አንዴ የለም ስላቸው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። አመኑኝ! ሲሸት ይሸታል ስለምላቸው ነው የለም ስል የሚያምኑኝ።

መዓዛ መሥራቴን አልተውኩም። ማን ይተዋል? አሁን ግን የምሠራው ለሌላ ነገር ነው። ዛሬ ደረቅ ጦስኝ በጨርቅ ቋጥሬ ትራሳቸው ሥር ሳደርግ፣ እስቲ ንገሪኝ አሉ። ምን ምን ይላል?

ጦስኝ ጦስኝ ይላል አልኩ። ሳቁብኝ። መምህርት አይደለሽም እንዴ? አሉኝ።

አሰብኩ። በጥቅምት ጠዋት ደጋ ላይ ሰው ፊቱን ሲታጠብ አፍንጫው ውስጥ የሚገባውን ብርድ ያስቡት አልኩ። እሱን ብርድ ደግሞ ሻይ ውስጥ እንዳፈሉት። ትንሽ ይለበልባል፣ ኋላ ግን ይጣፍጣል።

ዓይናቸውን ጨፈኑ።  ተማሪ ሳሉ ከስማዳ ወደ ቤተ ልሔም ሲሄዱ አንድ ተረተር ላይ ደክሟቸው ተኝተው ነበር። ሲነሡ ጋደም ያሉበት ሁሉ ጦስኝ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ በልብሳቸው ይዘውት ሄዱ። ያደሩበት ቤት ባለቤት፣ አንተ ልጅ ምን ተቀብተህ ነው ብላ እንደጠየቀቻቸው አጫወቱኝ።

ይህን ታሪክ ገበየሁም አያውቀውም። ጠየቅኩት።


ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ከገበየሁ ጋር ተጣላን።

ዛሬ ጠዋት የኔታ አምልጧቸው ነበር። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ገበየሁ አጥቧቸው ልብስ ቀይሮላቸው ቆየኝ። ስገባ የኔታ፣ ዛሬስ? አሉ። ገበየሁ ከጀርባቸው ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል። እኔ፣ ይሸታል የኔታ፣ ጭዱ መለወጥ አለበት አልኩ።

ገበየሁ ወጥ ቤት ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተቆጣኝ፤ ያ ይብሳል። ሽማግሌ ሰው ነው፣ አባቴ ነው፣ እንዲህ አዋርደሽ አለኝ። አንድ ቀን ብትዋሺለት ምን ትሆኛለሽ?  ያዋረድኩ አይመስለኝም፤ ግን እንዴት እንደምለው አላወቅሁም። አባቱ ከእኔ በላይ የእሱ ናቸው። ማሽተት አለመቻላቸውን ያኔ ነው የነገርኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ምስጢር ነበር።

ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አያውቅም ነበር። በሚያዝያ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሳሙናውን አፍንጫቸው ሥር ይዞ፣ አባባ እዩ እንዴት ደስ ይላል እያለ ያጠባቸው እንደነበር ነገረኝ።

የኔታ ከክፍላቸው ተጣሩ። ሰምተውናል፤ ግድግዳው ጭቃ ነው። ሁለታችንም ገብተን ቆምን። የኔታ ወደ እኔ አላዩም። ልጃቸውን አዩ።

"አላዋረደችኝም" አሉት። "ማንም ሳይነግረኝ ስቀመጥ ነው የተዋረድኩት።"

ገበየሁ ጭዱን ለማውጣት ጎንበስ አለ። እኔ ጆንያውን ያዝኩለት።  ምሳ ላይ ድንቹን ከራሱ ሳህን አንሥቶ እኔ ሳህን ላይ አደረገ።


ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ኔትወርኩ ሰሞኑን ጠፍቶ ዛሬ መጣ። የኔታ ስልኩን አምጭ አሉ። እንዲህ ብለው አያውቁም። ለማን? ለይባቤ።

ጆሯቸው ላይ ልይዝላቸው ስል ተቀበሉኝ። ራሳቸው ያዙት። ይባቤ ከወዲያ ረጅም ሰላምታ ጀመረ። አስጨርሰውት፣ "ና" አሉት። ሌላ ምንም የለም። ስልኩን የሚዘጋው ቁልፍ የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ።

መኪና በዚያ መንገድ ሰሞኑን አንዴ አለ አንዴ የለም። እንደምንም ይደርሳል።

እኔ ጭዱን ለወጥኩ። ሰሌኑን አራገፍኩ። የከሰሉን ሰፌድ አዲስ ሞላሁ። ጠጅ ሳር ቆርጬ አስሬ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ወ/ሮ ስንዱ አጥር ላይ ሆና፣ ሙሽራ ልታስገቢ ነው? አለችኝ። በአንድ በኩል እንደዚያው ነው አልኳት።


ነሐሴ 14፣ ረቡዕ፣ ማታ

ይባቤ መጣ።

ትናንት ቡሄ ስለነበር ዛሬ ደክሞኝ ረፍዶ ነው የተነሣሁት። የጠዋቱን አላየሁላቸውም። ገበየሁ ቢሮ ሄዷል። ገና ፊቴን ሳልታጠብ አጥሩ ተንኳኳ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ፣ እግሩ በሙሉ ጭቃ። መኪናው መንገድ ላይ ስለቀረ የቀረውን በእግሩ ነው የመጣው። ድጓውን ግን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በነጠላ ደግሞ አንድ ዙር ጠቅልሎ በደረቱ ይዞታል። ጠብታ አልነካውም።

ሳሎን አስቀመጥኩት። የእግር ውሃ ሰጠሁት። የኔታ ድምፁን ሰምተዋል። ገባሁና በሩን ከኋላዬ ገፋ አደረግሁት።

ቁጭ ብለዋል። ጥምጥማቸውን ራሳቸው ጠምጥመዋል፤ አንድ ጎኑ ዘመም ብሏል። እጃቸው መቋሚያውን ይዟል። ቀስ ብለው፣ ከሳሎኑ እንዳይሰማ፣ "ዛሬስ?" አሉኝ።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ነበር። ብዙ አይደለም። ከቡሉኮው። ሌሊት አምልጧቸው ኖሮ አልነገሩንም፤ ወይ አላወቁትም። ልብስ ለመለወጥ ጊዜ የለም። ልጁ ከበሩ ወዲያ እግሩን እየታጠበ ነው፤ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። የለም ብላቸው ያምኑኛል። ለዚህች ቀን ነው ሁሉንም ያደረግሁት። ምላሴ ላይ ደረሰች፤ የለም የምትለዋ።

"ትንሽ አለ የኔታ" አልኩ። "ከቡሉኮው ነው።"

በሩን አዩ። ቡሉኮውን አዩ። እስከ ዛሬ በእሳቸው ፊት ላይ ያላየሁት ነገር መጣ። የፈሩ መሰለኝ። መቋሚያውን ወደ ራሳቸው አስጠጉ። ይመለስ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እንዲህ በጭቃ መጥቶ ይመለስ ቢሉ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

"መስኮቱን ክፈችው" አሉ። "ይግባ።"

ከፈትኩ። ቡሉኮውን ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩ። በሩን ከፈትኩለት። ይባቤ ገባ፣ ተንበረከከ፣ ጉልበታቸውን ሳመ። ፊቱን እዚያው ጋቢያቸው ላይ አድርጎ ቆየ። ነጠላው ትከሻው ላይ ነው ያለው። አላነሣውም። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነው። የኔታ ፊቱን ትክ ብለው መረመሩት፤ የፈለጉትን አላገኙበትም መሰለኝ፣ ትከሻቸው ወረደ።

ከዚያ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ደከመህ ወይ፣ እንዴት መጣህ፣ የለም። ከየት ነው የተውነው? አሉት።

ወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ ነው የዋልኩት። እሱ ያዜማል። አንዳንዴ መቋሚያው መሬቱን ጠቅ ያደርጋል፤ ያኔ ያቆማል፣ የኔታ ያርሙታል፣ ይደግማል። ምስሩ አረረብኝ። ገበየሁ ከቢሮ መጥቶ አጥሩ ላይ ቆመ። ጃንጥላውን ሳይዘጋ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ቆሞ ሰማ።


ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ተፈታች። ዶሮ ሠራሁ፤ ይባቤ ሁለት ጊዜ ተጨመረለት፤ ሦስተኛውን አፈረ።

የኔታ ዛሬ ቁርስ ላይ፣ በሳሎን፣ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ተናገሩ። ይባቤ እስከ መስቀል ይቆያል። የቀረው ትንሽ ቢሆንም የያዘው ውስጥ የላላ አለ፤ ያን ሳላጠብቅ አልሰድህም ብለውታል። ሌሎችም ይምጡ አሉ። ከዚሁ ከእስቴ የሚማሩ ካሉ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ይቀመጣሉ። ገበየሁ እንጀራውን ይዞ ቀረ።  እኔ፣ ወንበር ያንሰናል አልኩ። ወለል ላይ ነው የምንማረው አሉኝ።

አሁን ሐሳቤ ሌላ ነው። ት/ቤት ሊከፈት ነው። ምዝገባ ይጀመራል፣ ከዚያ እኔ ከጠዋት እወጣለሁ። የኔታ ሲነሡ አልኖርም። ታዲያ ጠዋት ማን ይነግራቸዋል?

ዛሬ ከሰዓት ልብስ ስናሰጣ (ፀሐይ ወጣች፣ በመጨረሻ) ለገበየሁ ነገርኩት። አንተ ነህ አልኩት። አልችልም አለ። አባቴን እንዲህ ማለት አልችልም፣ አፌ እሺ አይለኝም። አጥቤ፣ አልብሼ፣ ሁሉን አደርጋለሁ፤ እሱን ግን አንቺ በይ።

እኔም እንደማልችል ሆኜ እንደነበር ነገርኩት። በሩ ላይ ደርሼ ሁለቴ እንዴት እንደተመለስኩ። የመጀመሪያዋ ቃል ናት ከባዷ፤ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ይረዱሃል፣ ከየት ነው፣ እስከ የት ነው እያሉ ይጠይቁሃል አልኩት። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን ነው የምናወራው። ሲጨመቅ ውሃው ጫማው ላይ ወረደ፣ አላየውም።

የያዘውን ጫፍ እያጠፈ፣ ባልሸተተኝስ? አለ። ለምጄው ቢሆንስ?

እንዳልሸተተህ ንገራቸው አልኩት። እሱም እውነት ነው።

አንሶላውን ገመድ ላይ ሰቀልነው። መቆንጠጫ ሲያቀብለኝ እጁ ቀዝቅዟል። እሺ አለ። ነገ ጠዋት እሱ ነው የሚገባው። እኔ አልነሣም፣ ተኝቼ ከግድግዳው ወዲህ እሰማለሁ።